ሶኬት ላይ የሚሰካው «ኀይል ቆጣቢ» የቤት መብራት ክፍያን ይቀንሳልን?

በሽንዲም ኾነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ኾነ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በስልኩ የቴሌግራምና የቲክቶክ የንግድ ገጾችን ሲመለከት አንዲት ትንሽ ሳጥን ሳታጋጥመው አትቀርም። ሶኬት ላይ ትሰካለች፤ ፊቷ ላይ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፤ ከዚያ ውጭ የሚታይ ሥራ የላትም። ሻጮቿ «ፓወር ሴቨር»፣ «ኤሌክትሪሲቲ ሴቪንግ ቦክስ» ወይም በቀላሉ «መብራት ቆጣቢ» ይሏታል። የቤትን ወርኀዊ የመብራት ክፍያ በ30፣ በ40፣ አንዳንዶችም በ50 በመቶ ትቀንሳለች ብለው ያስተዋውቃሉ። እንዴት ተብለው ሲጠየቁም «ፓወር ፋክተርን ታስተካክላለች» የሚል፣ ለሰሚው ሳይንሳዊ የሚመስል መልስ ይሰጣሉ።

ማስታወቂያው ጆሮ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመስከረም 1/2017 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንዲሄድ ኾኖ የተዘጋጀ ነው። ክፍያው በየጊዜው ከፍ እያለ የሚመጣበት ቤተሰብ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው ወጪን የሚቀንስ መሣሪያ አለ ሲባል ልቡ ቢከፈት አይፈረድበትም። ለሳጥኗ የሚወጣው ገንዘብ ግን ለብዙ ቤት የወራት የመብራት ክፍያ ሊኾን ይችላልና፣ ከመግዛት በፊት ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

መልሱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለመኖሪያ ቤት አትቀንስም። ፓወር ፋክተር የሚባለው ነገር እውነት ነው፤ ሊስተካከልም ይችላል፤ ከባድ ሞተር በሚያሠሩ ድርጅቶች ዘንድም ጥቅም አለው። ማታለሉ ያለው፣ እውነት የኾነን ነገር ከቦታው ነቅሎ ወደማይመለከተው ቤት ማምጣቱ ላይ ነው። ፍጹም ሐሰት የኾነ ወሬ ቶሎ ይነቃበታል፤ ግማሽ እውነት ያለው ግን የተማረውንም ያሳስታል።

ወደ ወፍጮ ቤት የምትሄደው አህያ

ፓወር ፋክተር ምን እንደኾነ ለመረዳት ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። አንድ ገበሬ በአህያ አንድ ኩንታል በቆሎ ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይልካል እንበል። ከተጫነው ውስጥ ሰባ አምስት ኪሎው ተፈጭቶ ዱቄት ኾኖ ይመለሳል፤ ሃያ አምስት ኪሎው ግን በየጊዜው ሳይፈጭ እንደሄደ ይመለሳል። ባለወፍጮው የሚያስከፍለው በሚዛን ለፈጨው ሰባ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ሳይፈጭ ለተመለሰው እህል ገበሬው የማስፈጫ ገንዘብ አይከፍልም። አህያዋ ግን ሙሉውን ኩንታል ተሸክማለች፤ መንገዱም ለሙሉው ኩንታል ተጨናንቋል።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ሞተር ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም ወፍጮ፣ ከመስመሩ ሁለት ዓይነት ኀይል ይስባል። አንደኛው በትክክል ሥራ የሚሠራው፣ ሙቀት ወይም እንቅስቃሴ የሚኾነው ነው። ባለሙያዎች አክቲቭ ኀይል ይሉታል። ሁለተኛው ሞተሩ ውስጥ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ለመፍጠር የሚመጣና በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ መስመሩ የሚመለስ፣ ሥራ ሳይሠራ የሚመላለስ ኀይል ነው። ይህ ሪአክቲቭ ይባላል። ፓወር ፋክተር ማለት ሥራ የሠራው ኀይል በመስመሩ ላይ ከተጓጓዘው ጠቅላላ ጭነት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ሁሉም ሥራ ላይ ከዋለ 1 ይኾናል፤ የሚመላለሰው ሲበዛ ወደ 0 ነጥብ 7፣ ወደ 0 ነጥብ 6 ይወርዳል። የምሳሌያችን ሒሳብ ከምሕንድስናው ሒሳብ ጋር ቁጥር በቁጥር አይገጥምም፤ ነገሩን ግን ያስይዛል።

ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ይህን የሚመላለስ ኀይል ከሞተሩ አጠገብ ተቀብሎ የሚሰጥ፣ ከሩቅ መመላለሱን የሚያስቀር ነው። በወፍጮው ምሳሌ፣ ሳይፈጭ የሚመላለሰውን ሃያ አምስት ኪሎ ከወፍጮው ደጅ ጎተራ ሠርቶ እንደማስቀመጥ ያለ ነው። አህያዋ ይቀልላታል፤ የማስፈጫው ሒሳብ ግን ያው የሰባ አምስት ኪሎ ነው።

በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ደግሞ ልክ እንደ ባለወፍጮው ሚዛን ነው። አሮጌው ዲስክ የሚሽከረከርበት ቆጣሪም ኾነ አዲሱ የቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ የቤተሰብ ሒሳብ የሚሠራበት በኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ሥራ ላይ በዋለው ኀይል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመኖሪያ ቤት ደንበኛ የሚጠይቀው ለተጠቀመው ኪሎዋት ሰዓትና ወርኀዊውን የአገልግሎት ክፍያ ነው። የሚመላለሰውን ኀይል በቤተሰብ ቢል ላይ አያስከፍልም። ያልተከፈለበትን ነገር መቀነስ ከክፍያው ምን ያጎድላል?

ምጣዱ ምን ይላል?

በሌሎች ሀገራት ስለዚህ መሣሪያ የተጻፈው አብዛኛው ትንታኔ የሚያተኩረው በቤት ማቀዝቀዣ ቬንትሌተሮችና በልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ነው። በእኛ ሀገር ጉዳዩ ከዚያ ይልቅ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያዊ ቤት ትልቁ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የተዘረጋ ሽቦን በማጋል ይሠራል። ሞተር የለውም፤ መግነጢሳዊ መስክ አይፈልግም። የተሳበው ኀይል በሙሉ ሙቀት ይኾናል። ፓወር ፋክተሩም 1 ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ምድጃው፣ የውኃ ማፍያው፣ ካውያውና በአንዳንድ ቤት ገና ያልወጣው የክር አምፖልም እንዲሁ ናቸው። ሳጥኗ ሻጮቿ እንደሚሉት ፓወር ፋክተርን በትክክል የምታስተካክል ብትኾን እንኳ ከምጣድ ጋር የሚያገናኛት የለም።

ለምሳሌ የሚኾን ሒሳብ እናስላ። የአንድ ቤት ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ይኹን። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሁለት ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት በወር (ስምንት ጊዜ) 56 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የ1 ሺህ 500 ዋት ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 45 ይደርሳል። ፍሪጅ 30፣ ቴሌቪዥን 12፣ በምሽት ለአምስት ሰዓት የሚበሩ አምስት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች 7 ገደማ ይጨምሩ። ድምሩ 150 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ የምጣዱና የምድጃው ድርሻ 101 ነው፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ማለት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ይህ ድርሻ የበለጠ ይኾናል። እንግዲህ ከሦስት እጅ ሁለቱ የሚስተካከል ነገር ከሌለው፣ ሳጥኗ የቤቱን ክፍያ በግማሽ የምትቀንሰው ከየት አምጥታ ነው? ቀሪውን አንድ ሦስተኛ ፈጽማ ብታጠፋው እንኳ 50 በመቶ አይሞላላትም።

ፍሪጅ ብቻውን ቢወሰድ

«ይኹን፣ ፍሪጅስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ፍሪጅ ሞተር አለው። የሚመላለሰው ኀይል ባይከፈልበትም በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቃል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ቆጣሪው የሚቆጥረው እውነተኛ ኀይል ነው። ስለዚህ ፓወር ፋክተር ሲሻሻል የሚተርፍ ነገር አለ። መጠኑ ግን መታየት አለበት።

ሞተሩ ሲሠራ 150 ዋት የሚወስድ፣ ፓወር ፋክተሩ 0 ነጥብ 6 የኾነ ፍሪጅ ከ220 ቮልት መስመር 1 ነጥብ 14 አምፒር ገደማ ይስባል። ፓወር ፋክተሩ ሙሉ በሙሉ ወደ 1 ቢስተካከል 0 ነጥብ 68 አምፒር ይበቃዋል። ከቆጣሪው እስከ ፍሪጁ 20 ሜትር ርቀት አለ፣ ሽቦውም በቤት ውስጥ የተለመደው 2 ነጥብ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው ብንል፣ ከማስተካከያው በፊት በሽቦው የሚባክነው ኀይል 0 ነጥብ 36 ዋት፣ ከማስተካከያው በኋላ 0 ነጥብ 13 ዋት ነው። ትርፉ የአንድ ዋት ሩብ እንኳ አይሞላም። ሞተሩ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ፣ በወር የሚተርፈው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሃያኛውን ብዙም የማይበልጥ ነው። ለዚያውም ሳጥኗ ከፍሪጁ አጠገብ ከተሰካች ነው። ከቆጣሪው አጠገብ ከተሰካች በቤቱ ሽቦ ላይ የሚቀንስ ነገር ስለሌለ ትርፉ ባዶ ይኾናል። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ደግሞ «ቆጣሪው አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ ሰኩት» ብለው ይመክራሉ።

በሌላ በኩል ሳጥኗ ራሷ ቀን ከሌሊት የምታበራው መብራትና ውስጧ ያለው ዑደት ኀይል ይወስዳሉ። ይህ ግማሽ ዋት ብቻ ነው ብንል፣ በወር 720 ሰዓት ሲባዛ 0 ነጥብ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይኾናል። ከምታተርፈው ከስድስት እጥፍ በላይ ትበላለች ማለት ነው።

ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ስልክ ቻርጀርና ስለ ኤል ኢ ዲ አምፖል ብዙ ማለት አያስፈልግም። የእነዚህ ፓወር ፋክተር ዝቅ ሊል የሚችለው ኀይሉን በተቆራረጠ መንገድ ስለሚስቡ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ደግሞ ተራ ካፓሲተር አያቃናውም።

የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.አ.አ በ2009 የቴክኒክ ጽሑፍ አውጥቷል። መሣሪያው በዚያ ሀገር በሰፊው ይሸጥ ስለነበር ነው። የተቋሙ ባለሙያዎች የደረሱበትም ከላይ የተባለው ነው፤ መሣሪያው ፓወር ፋክተርን ማሻሻሉ እውነት ቢኾንም የመኖሪያ ቤት ደንበኛ የሚከፍለው ለአክቲቭ ኀይል ስለኾነ ክፍያውን አይቀንስለትም። የአሜሪካ ቤት ክፍያ አይቀንስም ከተባለ፣ ምጣድ በሚጋገርበት ቤት ደግሞ ምን ይባላል?

ሰው ለምን ያምናል?

ሻጩ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ትንሽ ሞተር ወይም ቬንትሌተር ያስነሳል፤ በሽቦው ላይ አምፒር መለኪያ ያደርጋል፤ ቁጥሩን ያሳያል። ከዚያ ሳጥኗን ይሰካል። የአምፒሩ ቁጥር በዓይን እየታየ ዝቅ ይላል። ተመልካቹም ይደነቃል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ የተጭበረበረ ቁጥር ላይኖር ይችላል። አምፒሩ በእርግጥ ቀንሷል፤ የአህያዋ ጭነት ቀልሏል። ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው አምፒርን ለብቻው አይደለም። ሻጩ በአምፒር መለኪያ ፈንታ ኪሎዋት መለኪያ ቢያቀርብ ቁጥሩ ካለበት አይነቃነቅም። ለዚህም ነው ኪሎዋት መለኪያ በእነዚህ ቪዲዮዎች ውስጥ የማይታየው።

ሁለተኛው ምክንያት የገዛው ሰው ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። «እኔ ገዝቼ ክፍያዬ ቀንሷል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሐሰትም አልተናገረም ይኾናል። የመብራት ክፍያ ግን ከወር ወር የሚለያይ ነው። ኀይል ለቀናት ተቋርጦ በከረመበት ወር ክፍያው ይወርዳል፤ ይህን በምዕራብ ጎጃም ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የድግስ ወር ካለፈ በኋላ ያለው ወርም እንዲሁ ነው። ቆጣሪ አንባቢው ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ሲመጣ የወሩ ቀናት ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ንባቡ በግምት ተሞልቶ በሚቀጥለው ጊዜ የሚስተካከልበትም አጋጣሚ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ሳጥኗ ከተሰካች ምስጋናው ለእርሷ ይሄዳል። ሳጥን የገዛ ሰው መብራት የማጥፋት ጥንቃቄውንም አብሮ ይጨምራል፤ ያም የራሱ ውጤት አለው።

ጥርጣሬ ላለው ሰው ቀላል መፈተሻ አለ፤ ዳኛውም ክፍያውን የሚቆጥረው ያው ቆጣሪ ነው። የቤቱን ዕቃዎች በሙሉ አጥፍቶ ሳይቋረጥ በእኩል መጠን የሚሠራ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ቬንትሌተር ከአንድ ሁለት አምፖል ጋር፣ ብቻ ማብራት ነው። ፍሪጅ ለዚህ ፈተና አይመችም፤ በራሱ ጊዜ እየተነሣና እየጠፋ ስለሚሠራ ያሳስታል። በዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት ለዐሥር ደቂቃ መቁጠር፣ ከዚያ ሳጥኗን ሰክቶ እንደገና ለዐሥር ደቂቃ መቁጠር። ዲስክ ባለው ቆጣሪ ደግሞ ዐሥር ዙር ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ በስልክ ሰዓት መያዝ። ሳጥኗ እንደተባለው 30 በመቶ የምትቆጥብ ከኾነ፣ 100 ጊዜ ብልጭ ይል የነበረው ወደ 70 መውረድ አለበት። ገና ያልገዛ ሰው ደግሞ ሻጩን «በቤቴ ቆጣሪ ላይ አሳየኝ፤ ከቀነሰ እገዛለሁ» ቢለው ፈተናው ያለ ወጪ ያልቃል።

ፓወር ፋክተር በእውነት የሚያሳስበው ማንን ነው?

የወፍጮ ቤት ባለቤትን፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ድርጅትን፣ በመስኖ ውኃ የሚስብ ማኅበርን፣ ከእነርሱም በላይ ፋብሪካዎችን ያሳስባል። በቡሬ በ2013 ዓ.ም የተመረቁት የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ዓይነት ተቋማት ጉዳይ ከመኖሪያ ቤት ጉዳይ ፈጽሞ የተለየ ነው። በኢንዱስትሪ ታሪፍ ሥር ያለ ደንበኛ ከኪሎዋት ሰዓቱ በተጨማሪ በወሩ ውስጥ ለደረሰበት ከፍተኛ የኀይል ፍላጎትም ይከፍላል፤ ፓወር ፋክተሩ ከተወሰነለት በታች ሲወርድም ተጨማሪ ክፍያ ሊጣልበት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ በባለሙያ ተሰልቶ የሚገጠም የካፓሲተር ባንክ ወጪውን የሚመልስ መሣሪያ ነው። እርሱም ቁም ሣጥን የሚያህል እንጂ ከሶኬት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም።

በመካከል ያለውን ወፍጮ ቤት በቁጥር እንየው። በሦስት ፌዝ በ380 ቮልት የሚሠራ፣ ከመስመሩ 15 ኪሎዋት የሚወስድ፣ ፓወር ፋክተሩ 0 ነጥብ 75 የኾነ የወፍጮ ሞተር በየፌዙ 30 አምፒር ገደማ ይስባል። 8 ኪሎቫር ገደማ አቅም ያለው ካፓሲተር ፓወር ፋክተሩን ወደ 0 ነጥብ 95 ቢያደርሰው 24 አምፒር ይበቃዋል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል። ኾኖም ከቆጣሪው እስከ ሞተሩ 30 ሜትር፣ ሽቦውም 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢኾን፣ ይህ የቀነሰው ሙቀት 54 ዋት ያህል ነው፤ ከ15 ሺህ ዋት ውስጥ ማለት ነው። ከአንድ በመቶ በታች ነው። እንግዲህ ሞተር ብቻ በሚያሠራው ወፍጮ ቤት እንኳ የኪሎዋት ሰዓቱ ሒሳብ ከአንድ በመቶ በታች ከቀነሰ፣ በመኖሪያ ቤት 30 በመቶ ይቀንሳል ማለት ከየት የመጣ ነው? የባለወፍጮው ጥቅም በሌላ በኩል ነው፤ ሽቦውና ማብሪያ ማጥፊያው አይግሉበትም፤ ቅጣት የሚመለከተው ከኾነም ከቅጣቱ ይድናል።

ጎረቤቱም ይጠቀማል። ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገር ጉዳይ ነው። ከትራንስፎርመር ርቆ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት በምሽት የሚያየው የመብራት መድከም አንዱ ምክንያት በመስመሩ ላይ ያለው የአምፒር ብዛት ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት ከ3 ሺህ 500 ዋት ወደ 2 ሺህ 350 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ሢሶውን ያጣል ማለት ነው። እንጀራው ዐይን አላወጣም፣ ምጣዱ አልጋለም የምትል እናት ያለ ምክንያት አታማርርም። ወፍጮ ቤቶችና የብየዳ ሥራ ቤቶች ፓወር ፋክተራቸውን ቢያስተካክሉ የሰፈሩ መስመር ይቀልለዋል፤ የጎረቤት ምጣድም ይሻሻላል። የትራንስፎርመሩ አቅም ማነስና የመስመሩ ርዝመት ግን የአገልግሎት ሰጪው ሥራ እንጂ በሳጥን የሚፈታ አይደለም። በቤት ውስጥ የሚገዛው ስታብላይዘርም ቴሌቪዥንንና ፍሪጅን ከቮልት መዋዠቅ ይጠብቃል እንጂ ክፍያ አይቀንስም፤ የራሱን ኀይልም ይወስዳል።

ክፍያን በእውነት የሚቀንሰው

የቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን በደረጃ የተከፋፈለ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራዮች በሚጠቀሙበት ግቢ እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ቢጠቀምም ድምሩ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ድሃው ተከራይ በባለጸጋ ዋጋ ይከፍላል። በከተሞቻችን ለብዙ ቤተሰብ ትልቁን ገንዘብ የሚያስቀረው የራስን ቆጣሪ ማስገባት ነው። የመነሻ ወጪ አለው፤ ወረፋም ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በየወሩ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ቀጥሎ ያለው ምጣድ ነው። በሳምንት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ በየጊዜው ቀዝቃዛውን ሸክላ ለማጋል የሚጠፋው ኀይል ይተርፋልና። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በያዘው ሙቀት መጋገር የብዙ ቤት ሴቶች ልማድ ነው፤ ከማንኛውም ሳጥን የሚበልጥ ብልኀት ነው። ከሥሩ ያለው የሙቀት መከላከያ የረገፈበት ወይም አክንባሎው የማይገጥም ምጣድም ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፤ ማሳደሱ ዋጋውን ይመልሳል። በእኛው የ150 ኪሎዋት ሰዓት ምሳሌ፣ ምጣዱ በእያንዳንዱ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢጠፋ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል። ፍሪጁ ላይ ሳጥኗ ካመጣችው ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ ነው።

አምፖልም አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም አካባቢ ሚሊዮኖች ኀይል ቆጣቢ አምፖሎችን በክር አምፖሎች ምትክ ማደሉን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ያ ቁጠባ እውነተኛ ነበር፤ በ60 ዋት ፈንታ 11 ዋት የሚወስድ አምፖል በቆጣሪው ላይ ይታያል። ምናልባት «ኀይል ቆጣቢ» የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ ያገኘው መታመን ከዚያ የመጣ ይኾናል፤ የሳጥኗ ሻጮችም በዚያው ስም ተጠቅመዋል። ዛሬ ኤል ኢ ዲ አምፖል ከዚያም በታች ይወስዳል።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው ክፍያው ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ ዕቃዎችን በሙሉ ከሶኬት ነቅሎ ቆጣሪውን ማየት ይገባል። ሁሉም ጠፍቶ ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ የቤቱ ሽቦ ኀይል ያፈሳል ወይም ሌላ ሰው ከመስመሩ ተጋርቷል ማለት ነው። የሽቦ መፍሰስ ለሕይወትም አደጋ ስለኾነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሊያየው ይገባል። የንባብ ወይም የቢል ስሕተት የጠረጠረ ደንበኛ ደግሞ የቆጣሪውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቅርቡ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል መሄድ ወይም በ905 ነጻ የጥሪ መስመር ማመልከት ይችላል። ቆጣሪን ከፍቶ ወይም አልፎ መስመር መሳብ ግን በአዋጅ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ «ቆጣሪ አዘገያለሁ» ብሎ የሚመጣን ሰው ከሳጥኗ ሻጭ ጋር አንድ አድርጎ ማየትም አይገባም፤ የመጀመሪያው ደንበኛውን ወደ እስር ሊያደርሰው ይችላል።

ሳጥኗን ቀድሞ ለገዛ ሰው ሁለት ነገር ይነገረዋል። አንደኛ፣ ደረሰኝና ማስታወቂያው ካለው የሚጠይቅበት መብት አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ጥራትና ጥቅም ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትን ይከለክላል፤ አቤቱታው በወረዳው ወይም በከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይችላል። በቴሌግራም ከማይታወቅ ሰው የተገዛ ከኾነ ሻጩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ማስታወቂያውን ከነዋጋው በስልክ ምስል ይዞ ማስቀመጥ ቢያንስ ማስረጃ ይኾናል። ሁለተኛ፣ ሳጥኗን ነቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል። በርካሽ የተሠሩት ብዙዎቹ ውስጣቸው ሲከፈት አንድ አነስተኛ ካፓሲተርና ጥቂት መብራቶች ብቻ ነው የሚገኘው፤ ቮልት በሚዋዥቅበት መስመር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር ጥራቱ ያልተረጋገጠ ካፓሲተር ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። በተለይ ከመጋረጃ፣ ከጣሪያ ሣር ወይም ከእህል ጎተራ አጠገብ ባለ ሶኬት ላይ ተሰክታ ከኾነ ዛሬውኑ መነቀል አለባት።